ከነጉጉቱ መቆም

ለንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 10፥8፤ 13፥5-14፤ ሉቃስ 15፥11-24

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ፣ በጉም ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የመጣ መንገደኛ አርማንያ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በዚያ ቁልቁለት ግርጌ፣ ማሽላና ማሾ በሚዘራበት በይፋት ቆላ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። በመንፈሳዊ ጽሑፍ ላይ የውሻ ነገር ምን ይሠራል የምትሉ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። በአገራችን «ውሻ» ስድብ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ውሻ በበጎ የሚነሣበት ቦታ ጥቂት ነው። ነገር ግን ጌታችን ቁራዎችንና የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ ብሎ አስተምሯል፤ ሰሎሞንም ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ልኮታል። እኔን ደግሞ ጌታ ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ውሻ ልኮኛል። አንደኛው ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ሁለተኛው ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ።

አባቴ ገበሬ ነበር። ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ግሪሳ ወፍ እንከላከላለን፤ ዝንጀሮውን ውሾቹ ይመልሱታል። አዝመራው ታጭዶ ከገባ በኋላ ግን በአገዳው መካከል የረገፈውን ፍሬ ለመልቀም ቆቅና ጅግራ ይወርዳሉ። ያኔ አባቴ ጤዛው ሳይረግፍ የቃጫ መረቡን በትከሻው ጥሎ፣ ቡላ የምትባለውን ውሻችንን አስከትሎ ይወጣል።

ቡላ ተራ የአገር ውሻ ነበረች። ስጦታዋ መቆም ነው። የቆቅ ሽታ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ባለችበት ትደርቃለች። አንድ የፊት እግሯን አጥፋ፣ አፍንጫዋን ወደ ሣሩ ቀስራ፣ ጅራቷን አቅንታ ትቆማለች። ቀረብ ብሎ ላያት ሰው ግን ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ቆቅ አደጋ ሲሰማት ወዲያው አትበርም፤ መሬት ላይ ተለጥፋ አላዩኝም ብላ ትደበቃለች። ስለዚህ ውሻዋ እስከቆመች ድረስ ወፏም ትቆያለች። አባቴ ቀስ ብሎ በጎን ይዞርና መረቡን በሣሩ ላይ ይጥላል። ውሻዋ ከዘለለች ግን ወፏ ወይ ትበራለች ወይ ትነከሳለች።

መነከሷ ከመብረሯ ይብሳል። ያን ጊዜ ቤተሰባችን ኦርቶዶክስ ነበር፤ በቤታችን በሕይወት ተይዞ፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላም። ውሻ ነክሶ የገደላት ቆቅ በክት ናት። ጌታው ለገበታ የፈለጋት ወፍ፣ ውሻው ስለቸኮለ ብቻ፣ ለማንም የማትሆን ትሆናለች።

በኋላ አድጌ ሳነብ ይህ ሥራ በሌላውም ዓለም የታወቀ መሆኑን አየሁ። ጆን ኬይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1570 ስለ ውሾች በጻፈው መጽሐፍ፣ ወፍ ሲያገኝ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሆዱን መሬት ላይ አስጠግቶ ቦታውን ለአዳኙ የሚያሳይና አዳኙ መረቡን እስኪዘረጋ የሚጠብቅ ውሻ እንዳለ ይናገራል። ዛሬ ጠቋሚ ተብለው የሚራቡት ዝርያዎች ይህ ነገር በደማቸው ውስጥ አለ። እንዲያውም ብዙ አዳኝ እንስሳ ከመዝለሉ በፊት ለአፍታ ይቆማል፤ ድመት አይጥ ስታደባ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የአሰልጣኙ ሥራ ያችን አፍታ ማስረዘም ነው። ውሻው ለራሱ ለመዝለል የሚቆማትን ቅጽበት፣ ጌታው እስኪመጣ የሚቆምባት ያደርጋታል።

ቡላ ስታረጅ አባቴ ከልጆቿ አንዱን ነብሮን መረጠ። የመረጠው ከሁሉ ይልቅ የሚቀበጠበጠውን ነበር። ለምን ጭምቱን አልመረጥክም ብዬ ስጠይቀው፣ «ጭምቱ ወፍ አይፈልግም፤ የማይፈልግ ውሻ ቢቆም ምን ይጠቅመኛል? ድንጋይም ይቆማል» አለኝ።

ሥልጠናው የተጀመረው በጨዋታ ነው። አባቴ የቆቅ ላባ በክር አስሮ በእንጨት ጫፍ ያንጠለጥልና ቡችላው ፊት ያሳርፈዋል። ነብሮ ሲዘልበት ላባው ይነሣል፤ ሲቆም ላባው ይቀመጣል። ቀጥሎ ምግቡ ፊት ማስቆም መጣ። «ቁም!» ይባላል፤ ይቆማል። «ሂድ!» ሳይባል አይቀምስም። ለብዙ ወራት ደግሞ በሜዳ እንደ ልቡ ወፍ እንዲያባርር ተፈቀደለት፤ አባቴ ፍላጎቱ ሳይጠነክር ልጓም መጣል አይወድም ነበር። ዓመት ሲሞላው ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ ታሰረ። ነፋሱ ከፊት በሚመጣበት በኩል ወደ ወፉ ያስጠጉታል፤ ሽታው ሲደርሰው ይቆማል፤ ሊዘል ሲል ገመዱ ይይዘዋል።

ነብሮ መዝለሉን ሲከለከል መሳብ ጀመረ። ቆሞ፣ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ያነሣል፤ ከዚያ ሌላውን። አባቴ አይጮህበትም። ሄዶ ያቅፈውና መጀመሪያ ወደ ቆመባት ስፍራ መልሶ፣ በዚያችው ቦታ አቁሞ፣ ጀርባውን እየደባበሰ «ቁም» ይለዋል። በአንድ ማለዳ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። እኔ ገመድ ያዡ ይሰለቸኝ ነበር፤ አባቴ ግን አይሰለቸውም።

አንድ ቀን አባቴ ገበያ ሄዶ ሳለ ነብሮን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። መረቡንም ይዣለሁ። እናቴን የሚያስደስት፣ አባቴን የሚያስገርም ሥራ ልሠራ ነው። ገመዱን ግን አላሰርኩም፤ ያለ ገመድ የሚያቆም ሰው መባል ፈልጌ ነበር። ነብሮ ቆመ። እኔ መረቡን ይዤ ስጠጋ፣ ስቸኩል፣ አገዳ ስሰብር፣ ዘለለ። ቆቋን በአፉ ይዞ ጭራውን እየቆላ ወደ እኔ መጣ። ሞታለች፤ በክት ሆናለች። እፍረቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። የሞተችውን ወፍ አፍንጫው ላይ እያሻሸሁ በአገዳ ደበደብኩት። ሲያለቅስ አልተውኩትም።

ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ነገሩ ራሱ ተናገረ። አባቴ ነብሮን ወደ አገዳው አስገባው። ሽታው ደረሰው፤ የጆሮው አነሳስ ይናገራል። ነብሮ ግን አልቆመም፣ አልዘለለምም። አንገቱን አዙሮ፣ ምንም እንዳላሸተተ ሆኖ፣ ወፏን በጎን አልፏት ሄደ። አባቴ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ቆቋ ከእግሩ ሥር ብር ብላ ተነሣች። ዞሮ ተመለከተኝ። «መታኸው?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ወፏን አሳይተህ መታኸው?» ራሴን ነቀነቅሁ።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አንተ መቆም አላስተማርከውም። ወፍ ክፉ ነገር ነው ብለህ ነው የነገርከው» አለኝ።

የአዳኝ ውሾች አሰልጣኞች ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል፤ ከመዝለል ይልቅ የሚፈሩትም ይህንን ነው። የሚዘልን ውሻ በገመድ ማቆም ይቻላል። ያሸተተውን እንዳላሸተተ ሆኖ የሚያልፈውን ውሻ ግን በየትኛው ገመድ ትመልሰዋለህ?

አባቴ ያን በጋ በሙሉ ነብሮን ሲጠግን ከረመ። ገመዱን ፈታው። «ቁም» የሚለውን ቃል ለረጅም ጊዜ አላነሣበትም። እንደገና እንደ ቡችላ እንዲያባርር ተወው። ከዚያም ከእናቱ ጋር ማውጣት ጀመረ። አንድ ማለዳ ቡላ ከፊት ቆማ፣ ነብሮ ከኋላዋ ሲመጣ አያት። እርሱ ካለበት ሽታው አይደርስም። እርሷን ብቻ አይቶ ቆመ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሌላው ዓለም ያሉ አሰልጣኞች ይህን «ማክበር» ይሉታል፤ አንዱ ውሻ የሌላውን መቆም አምኖ፣ ራሱ ሳያሸት ሲቆም ማለት ነው።

ጌታን በግሌ ካወቅሁ በኋላ፣ የሳኦልን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ያ የአገዳ ማሳ ይታየኛል። ሳሙኤል ሳኦልን ወደ ጌልገላ እንዲወርድና ሰባት ቀን እንዲጠብቀው፣ እስኪመጣም ድረስ እንዲቆይ ነግሮት ነበር። ፍልስጥኤማውያን በማክማስ ሰፍረዋል፤ ሕዝቡ በዋሻና በጉድጓድ ይደበቃል፤ ከሳኦል ጋር የቀሩትም እየተንቀጠቀጡ አንድ በአንድ ይበተናሉ። ሳኦል ስድስት ቀን ቆመ። ይህን አንርሳ፤ ሳኦል ጭራሽ ያልጠበቀ ሰው አይደለም። ሰባተኛውም ቀን ደረሰ። ሳሙኤል ግን አልታየም። ያኔ ሳኦል መሥዋዕቱን አምጡልኝ ብሎ በራሱ እጅ አሳረገ። ጨርሶ ሳይነሣ ሳሙኤል ከተፍ አለ።

ሳኦል የነካው ክፉ ነገር አልነበረም። መሥዋዕት ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ በዚያ ቀንም ሊቀርብ የታሰበ ነው። ነብሮ የያዛት ቆቅም አባቴ የሚፈልጋት ቆቅ ነበረች። ትክክለኛው ነገር በተሳሳተ እጅና በተሳሳተ ሰዓት ሲያዝ በክት ይሆናል። የእኛም ፈተና ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ያለ ጊዜው የጀመርነው አገልግሎት፣ ሳይገለጥልን የገባንበት ትዳር፣ ሰውን «ለማዳን» ብለን የተናገርነው ቃል ሊሆን ይችላል። ሽታው እውነተኛ ነው፤ ወፉም አለ። «ሂድ» ያለን ግን የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ እኛም እንደ ብዙው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስንመለስ ደብተሩ የለም፣ የተማረው ትምህርት የተቆራረጠ ነው። የዚያን ዓመት ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ታስታውሳላችሁ። ልጄ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ ያገለግል ነበር፤ መለማመጃ መቅረት ጀመረ። እሑድ ሲመጣም ከኋላ ይቀመጥና ከቡራኬው በፊት ይወጣል። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። እውነቱን ልናገር፤ ያሳሰበኝ የእርሱ ነፍስ ብቻ አልነበረም። ሰዎች ስለ ቤቴ ምን ይላሉ የሚለውም ነበረበት። አንድ እሑድ የጸሎት ርዕስ ለማቅረብ መድረክ ላይ ወጣሁ። ስሙን ጠርቼ፣ እርሱ ተቀምጦ እየሰማ፣ ከጌታ ቤት ስለሚሸሹ ልጆች «እንጸልይ» አልኩ። ቀሪውን አልደግመውም። ጉባኤው አሜን አለ። ቀና ስል የልጄ ወንበር ባዶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ በግንባታ ሥራ ገባ። አልተጣላንም። ይደውላል፣ ይጠይቀናል፣ ለበዓል ካገኛት ላይ ይልካል። ስለ ማሾው፣ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ፣ ስለ ላሚቱ እናወራለን። የጌታን ስም ያነሣሁ እንደሆነ ግን፣ «አባዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ስልኩን ዘግቼ እንደ ተቀመጥሁ፣ ያ የነብሮ አንገት አዟዟር መጣብኝ። ያሸተተ ውሻ ነው፤ ግን አንገቱን አዙሮ ያልፋል። ምክንያቱም አንድ ሰው ወፏን አፍንጫው ላይ ይዞ ደብድቦታል። ያን ሌሊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከ30 ዓመት በላይ አልፎ፣ በውሻው ላይ ያደረግሁትን በልጄ ላይ ደገምሁት።

በማግስቱ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደለም አባዬ» አለኝ። ምንም እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም አላመንንም።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ መጣ። እኔም መጠበቅ የማልችል ሰው መሆኔን አወቅሁ። መዝለሉን ትቼ መሳብ ጀመርኩ፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እግር። አዲስ አበባ ላለ አንድ ወዳጄ መጋቢ ደውዬ፣ «እንደ አጋጣሚ» ሄዶ እንዲያገኘው ለመንሁት። አድራሻውን ሰጠሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንተ ሰው፣» አለችኝ፣ «ጌታ ይቀራል ብለህ ነው?»

ባለቤቴ ብዙ አትናገርም። ልጃችን ከሄደ ጀምሮ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች፤ ነጠላዋን ትከናነብና በአልጋው ጫፍ ተንበርክካ ለልጇ ትጸልያለች። እኔ በእምነቴ ምንም የማይሸተኝ ሌሊት ብዙ ነበር፤ ተስፋ የሚባል ነገር አፍንጫዬ ላይ አይደርስም። እርሷ ግን ቆማለች። ወዳጄን መልሼ ደውዬ፣ «ተወው፣ እንዳትሄድ» አልኩት። ያን ሌሊት ከእርሷ ጋር ተነሣሁ። እርሷ ያየችውን ስላየሁ አልነበረም፤ እርሷ መቆሟን አይቼ ቆምኩ እንጂ።

ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምን እንዳስፈለገችን ከገባኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። ሽታው የማይደርስህ ቀን አለ። ያን ቀን የቆመ ሰው ፈልግና ከኋላው ቁም።

በሉቃስ 15 ያለው አባት ልጁን ተከትሎ ወደ ሩቅ አገር አልሄደም፤ መልእክተኛም እንደ ላከ አልተጻፈም። ሆኖም ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አየው። ዓይኑ ከመንገዱ ላይ ያልተነሣ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያይ። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ያ ቆሞ የከረመ ሽማግሌ ሮጠ። መቆሙ ስለ ልጁ ግድ ስለሌለው ነበር ያለ ሰው ያኔ ያፍራል። እግዚአብሔር ታገሥ ሲለን ፍላጎታችሁን ግደሉ ማለቱ አይደለም። አባቴ ጭምቱን ቡችላ አልመረጠም። የሚንቀጠቀጠውን መርጦ፣ ከነመንቀጥቀጡ መቆምን አስተማረው። ብዙ አማኞች ስለ ልጃቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ጤናቸው የሚጓጉለትን ነገር በመጓጓታቸው እምነት ያጡ ይመስላቸዋል። አይደለም። ተንቀጥቀጥ፤ ግን ቁም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጄ ማታ ደወለ። ስለ ሥራው አወራን። ስለ ዝናቡ አወራን። ሊዘጋው ነው ብዬ ሳስብ ዝም አለ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እማዬ አሁንም ሌሊት ትነሣለች?» አለኝ።

በአፌ የሞላውን ቃል እግዚአብሔር ያውቀዋል። ለአንተ ነው የምትነሣው ልለው ነበር። ተመለስ ልለው ነበር። አንድ ሙሉ ስብከት ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩን የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አዎ፣ ትነሣለች» አልኩት።

«እሺ» አለ። ጥቂት ቆየ። «ደህና እደሩ በሏት» ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ኔትወርኩ አልተቆራረጠም።

ልጄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የዚህን ታሪክ መጨረሻ ልነግራችሁ አልችልም፤ መረቡ በእኔ እጅ አይደለም። ባለቤቴና እኔ ግን ዛሬም ሌሊት እንነሣለን።

ለማሰላሰል፦

1. እግዚአብሔር «ቁም» ብሎህ ሳለ አንድ እግርህን እያነሣህ የምትሳብበት ነገር አለ? መጀመሪያ የቆምክባት ስፍራ የት ነበረች?

2. በቁጣህ ወይም በእፍረትህ ምክንያት ከጌታ ነገር አንገቱን ያዞረ ሰው አለ? ይቅርታ ጠይቀኸዋል?

3. ለአንተ ሽታው በማይደርስህ ጊዜ፣ መቆሙን አይተህ የምትቆምለት ሰው ማን ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ካንተ ቀድመን ስለ ዘለልንበት ቀን ይቅር በለን። በእጃችን ያበላሸነውን አንተ ጠግነው። ጉጉታችንን አታጥፋብን፤ ከነጉጉታችን በፊትህ አቁመን። ርቀው ያሉ ልጆቻችንን አንተ በምታውቀው መንገድ አግኛቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።